ቦንቼ ስለምን ዳቦ ብቻ ጠየቀ?

ይህ ገጽ ብዙውን ጊዜ ስለ አገር ቤት መጻሕፍት የምንጨዋወትበት ነው። ዛሬ ግን የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ይነጋገሩበት በነበረው በዪዲሽ ቋንቋ የተጻፉ ሁለት አጫጭር ታሪኮችን ልተች ተነሥቻለሁ። «የእነሱ ተረት ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ካላችሁ እባካችሁ አትቸኩሉ። ታሪኮቹ ሸክም ስለሚሸከም፣ እንጨት ስለሚፈልጥና እሳት ስለሚያነድ ሰው ናቸው። በዚህ በቶሮንቶ ከተማ ሌሊቱን ፎቅ ሲወለውል የሚያድር፣ የሽማግሌ ገላ የሚያጥብ ወይም በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ያነጋ ወገን ያለው ሁሉ ነገሩ ይመለከተዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ከታሪኮቹ ጋር ያስተዋወቁኝ አንድ አይሁዳዊ አዛውንት ናቸው። ቶሮንቶ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን በመርዳት ሥራ ተቀጥሬ ነበር። ጠዋት ጠዋት በ7 ቁጥር አውቶቡስ ባተርስት መንገድን ይዤ ወደ ሰሜን እወጣና እሳቸው ዘንድ እደርሳለሁ። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካናዳ በአውሮፓ የስደተኞች ካምፖች ውስጥ ልብስ ሰፊዎችን ስትመለምል፣ በ1948 ከመጡት አንዱ ሆነው ዕድሜያቸውን በስፓዳይና የልብስ ፋብሪካዎች ውስጥ ጨርሰዋል። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ዳቦ ጠብሼ ሻይ አፈላላቸዋለሁ፤ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ወደሚቀጥለው ቤት እሮጣለሁ።

በዚያን ወራት ቀጣሪዬ የሠራሁትን ትርፍ ሰዓት ሳይከፍለኝ የሦስት ወር ሒሳብ ተጠራቅሞብኝ ነበር። የአገሬ ልጆች «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ሥራህን ያዝ» ብለው መክረውኛል። እኔም ይህን ምክር ትሕትና ብዬ ተቀብዬዋለሁ። አንድ ቀን ነገሩን በጨዋታ መካከል ለአዛውንቱ ብነግራቸው «ለምን አትጠይቅም?» አሉኝ። «ግድ የለም፤ እግዜር ያውቃል» ብዬ መለስኩ። ለረዥም ጊዜ አተኩረው አዩኝና «አንተ ቦንቼ ነህ» አሉኝ።

ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ኋላ መጽሐፉን ፈልጌ አነበብኩት። ሁለቱም ታሪኮች ኧርቪንግ ሃውና ኤሊዔዘር ግሪንበርግ በ1954 ባሳተሙት የዪዲሽ ታሪኮች የእንግሊዝኛ መድበል ውስጥ ይገኛሉ። ደራሲያቸው ይስሐቅ ሌይቡሽ ፔሬትዝ ይባላል። በ1852 በፖላንድ ዛሞሽች ከተማ ተወለደ፤ ጠበቃ ነበር፤ ፈቃዱን ከተነጠቀ በኋላ ዋርሶ ገብቶ በ1915 እስከሞተ ድረስ በአይሁዳውያን ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ሲተዳደር ኖረ። ማለትም ድርሰቱን የጻፈው እንደማንኛችንም በየጠዋቱ ሥራ እየገባ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ «ዝምተኛው ቦንቼ» በ1894 የወጣ ነው። ቦንቼ ድሃ ተሸካሚ ነው። ሲሞት ማንም አላወቀም፤ መቃብሩ ላይ የተተከለችውን እንጨት እንኳ ነፋስ ጣላትና የመቃብር ቆፋሪው ሚስት ድንች ቀቀለችባት። በሕይወቱ የደረሰበት መከራ ተቆጥሮ አያልቅም፤ የእንጀራ እናት ሻጋታ ዳቦ፣ በክረምት በባዶ እግሩ ከቤት ያባረረው ሰካራም አባት፣ ጀርባ የሚሰብር ሸክም። አንድ ጊዜ የበረገጉ ፈረሶችን አስቁሞ የአንድ ሀብታም ነፍስ አዳነ። ሀብታሙም ሠረገላ ነጂ አደረገው፤ ነገር ግን ደመወዙን በላው፤ በመጨረሻም በዚያው ሠረገላ ተገጨ። በዚህ ሁሉ መካከል ቦንቼ አንዲት የምሬት ቃል አልወጣውም፤ ሰውንም አልከሰሰ፣ ፈጣሪንም አላማረረ።

በሰማይ ግን ታላቅ መለከት ይነፋለታል። አባታችን አብርሃም ሊቀበለው ይወጣል፤ የወርቅ ወንበር ይዘረጋለታል። ጠበቃው መልአክ ታሪኩን ሲተርክ ከሳሹ መልአክ የሚናገረው ያጣል። ዳኛውም በሰማይ ያለው ሁሉ የአንተ ነውና የፈለግኸውን ውሰድ ይለዋል። ቦንቼ ጆሮውን አላመነም። እውነት መሆኑን ደጋግሞ ካረጋገጠ በኋላ የለመነው፣ በየጠዋቱ አንድ ትኩስ ዳቦ ከለጋ ቅቤ ጋር እንዲሰጠው ነው። ዳኛውና መላእክቱ በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ፤ ከሳሹ ሳቀ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የትሕትና ምሳሌ አድርጎ ሲያወራው ሰምቻለሁ። በምድር ዝም ያለ በሰማይ ይከብራል፤ ከበረም በኋላ ከዳቦ በላይ አይመኝም፤ እንዴት ያለ ንጹሕ ልብ ነው! ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ፔሬትዝም የሚስማማ አይመስለኝም። መላእክቱ አንገት የደፉት በቦንቼ ንጽሕና ተገርመው ቢሆን ኖሮ ከሳሹ አይስቅም ነበር። የሳቀው ረትቶ ነው። መከራው ቦንቼን አላከበረውም፤ ምኞቱን ሳይቀር ቆርጦ ጣለበት። ሰማይ ምድርን ሙሉ ሲያቀርቡለት እጁ ከዳቦ በላይ የማይዘረጋ ሰው፣ ትሑት ሳይሆን የተሰበረ ሰው ነው። ደራሲው ራሱ በ1899 በሠራተኞች ስብሰባ ተገኝተሃል ተብሎ የታሰረ ሰው መሆኑንም አንርሳ። የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይል የለ? ፔሬትዝ ያቺን ላም ሰማይ ድረስ ወጥቶ አየና፣ ወተቷን ለመጠጣት አፍ የቀረለት ሰው እንደሌለ ነገረን።

የቶሮንቶ አይሁድ ሠራተኞችም ዝምታን በዚህ ዓይን አይተውታል ብዬ እገምታለሁ። በ1912 የኢተን ኩባንያ ልብስ ሰፊዎች የኮቱን ገበር ያለ ተጨማሪ ክፍያ በመኪና እንዲሰፉ ታዘዙ። ሥራው ቀድሞ የሴቶች ስለነበረ እሺ ቢሉ ሴቶቹ ከእንጀራቸው ይፈናቀሉ ነበር። ወንዶቹም አንሰፋም አሉ፤ ከሺህ በላይ ሠራተኛ ሥራ አቆመ፤ አብዛኞቹ አይሁዳውያን ነበሩ። አድማው ወራት ከፈጀ በኋላ ከሸፈ። ሥራው ዝቅ ያለ ነው ብለው እንዳልተጣሉ ልብ በሉልኝ፤ ልብስ መስፋት ለእነሱ የዕለት ሙያ ነው። የተጣሉት በዝምታቸው የሌላ ሰው ዳቦ እንዳይወሰድ ነው። ቦንቼ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ገበሩን አጎንብሶ ይሰፋ ነበር።

ታዲያ ዝቅ ብሎ ማገልገል ሁሉ ስብራት ነው ማለት ነው? አይደለም። ለዚህም ይመስላል ፔሬትዝ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ «ከዚያም በላይ ካልሆነ» የሚለውን ታሪክ የጻፈው። የኔሚሮቭ ከተማ ረቢ በምሕረት ጸሎት ሰሞን አርብ አርብ ማለዳ ይሰወራሉ። ሕዝቡ ወደ ሰማይ ወጥተው ስለ እኛ ይለምናሉ ይላል። ይህን የማያምን አንድ የሊትዌኒያ አይሁዳዊ ሊያጋልጣቸው ፈልጎ ሌሊቱን ከአልጋቸው ሥር ተደብቆ አደረ። ረቢው ሲነጋጋ ተነሡ፤ የባላገር ሱሪና ቦት ጫማ አደረጉ፤ መጥረቢያ ይዘው ወደ ጫካ ሄዱ፤ እንጨት ቆርጠው፣ ፈልጠው፣ አስረው፣ አንዲት የታመመች ድሃ መበለት ደሳሳ ቤት ገቡ። እንጨት ሻጭ ባላገር ነኝ አሏት። የምከፍለው የለኝም ብትል በዱቤ ሰጧት። ማን ያነድልኛል ብትል እሳቸው ራሳቸው አነደዱላት፤ እያነደዱም የዕለቱን ጸሎት በለሆሳስ ደገሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ተጠራጣሪ ደቀ መዝሙራቸው ሆነ። ሰዎች ረቢያችን ወደ ሰማይ ይወጣሉ ሲሉም አይስቅም፤ የታሪኩን ርእስ ብቻ በቀስታ ይጨምራል።

ውብ ታሪክ ነው። ከቦንቼ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱም ሸክም ይሸከማሉ፤ ሁለቱም ስማቸውን አይናገሩም። ረቢው ግን ዝቅ የሚሉበት ከፍታ አላቸው። ዝቅ ማለቱን መረጡት፤ መልሰውም ቀና ማለት ይችላሉ። ቦንቼ ቀና ብሎ አያውቅም።

ይሁን እንጂ በዚህ በሁለተኛው ታሪክ ላይም ቅሬታ አለኝ፤ ይህን ቅሬታ ሌላ ቦታ ተጽፎ አላጋጠመኝም። መበለቲቱ ስም የላትም። ይህ እንኳ ይቅር። ግን የምሕረት ጸሎት ሰሞን በዓመት አንዴ ነው፤ የአይሁድ አዲስ ዓመት ሲቃረብ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዚያ አገር ክረምት ነው። የቶሮንቶን ጥር የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ፦ በጥር ወር እሳቷን ማን አነደደላት? ታሪኩ ዝም ይላል። ዝም ያለውም ደራሲው ግድ ስለሌለው አይመስለኝም፤ ተረት መቼም የሚሻው አንድ ማለዳ ነው። አንድ ሰው ተደብቆ ያያል፣ ይደነቃል፣ ያምናል። ሁለት መቶኛው ማለዳ ላይ የሚደነቅ የለም። እኔ አዛውንቱን ሳጥብ ከአልጋ ሥር ተደብቆ ያየኝ ማንም አልነበረም፤ ቢኖርም በሦስተኛው ቀን ሰልችቶት ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ከፔሬትዝ ወደ ጥንቱ ምንጭ መመለስ ግድ ይላል። አንባቢ ኦሪት ዘሌዋውያንን ያውቃል። በምዕራፍ 6 ላይ የካህኑ የማለዳ ሥራ ተጽፏል፦ ሌሊቱን የነደደውን የመሥዋዕት አመድ ያነሣል፤ ከዚያ ልብሱን ለውጦ አመዱን ከሰፈር ውጭ ይወስዳል። (የኔሚሮቩ ረቢ ልብስ መለወጥ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ?) አንዳንድ ሊቃውንት ይህ የታዘዘው የካህኑን ትዕቢት ለማብረድ ነው ይላሉ። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ የተሰበሰበው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ሚሽና ግን ዮማ በተባለው ክፍሉ ሌላ ነገር ይነግረናል። ካህናቱ አመድ ለመጥረግ ይሽቀዳደሙ ነበር! ወደ መሠዊያው በሚያወጣው ዳገት ላይ እየሮጡ፣ ቀድሞ የደረሰ ሥራውን ይወስዳል። አንድ ቀን ሁለት ካህናት እኩል ሲሮጡ አንዱ ሌላውን ገፍቶት እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሸንጎው ሥራው በዕጣ እንዲሆን ወሰነ። እስቲ አስቡት፤ የቢሮ ቆሻሻ ለመድፋት እግር እስኪሰበር የሚሮጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አመዱን የሚያነሣው ሰው የቀኑን አገልግሎት የሚከፍተው እሱ ስለሆነ፣ ሌላውም ይህን ስለሚያውቅለት ነው።

ሌላም አለ። ያዕቆብ ኢብን ሐቢብ የተባለ ሊቅ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በተሰሎንቄ ባዘጋጀው «ዔይን ያዕቆብ» መግቢያ ላይ አንድ ክርክር ያነሣል። ከኦሪት ሁሉ የሚጠቀልለው ቃል የትኛው ነው? አንዱ ሊቅ የአምላክን አንድነት የሚያውጀውን ጠቀሰ፤ ሌላው ባልንጀራን መውደድን። ሦስተኛው፣ ስምዖን ቤን ፓዚ፣ ማንም የማይጠብቀውን አመጣ፦ በዘጸአት ምዕራፍ 29 አንዱን ጠቦት ጠዋት፣ ሁለተኛውን ማታ እንዲያቀርቡ የታዘዘውን። ፍርዱም ለእሱ ሆነ። ለመሆኑ ከፍቅርና ከአንድ አምላክ በላይ የጠቦት ሰዓት ምን ቁም ነገር አለው? እኔ እንደገባኝ፣ ፍቅርም ሆነ እምነት ነገም ጠዋት ካልተገኘ አይቆጠርም ማለቱ ነው። የሰው አዳሪ የሆነ ሰው ይህን ያለ ሊቅ ይረዳዋል።

ከጠቦቱ ጋር የሚቀርበው ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? በዘይት የተለወሰ መልካም ዱቄት ነው፤ በየጠዋቱ። አሁን ወደ ቦንቼ ልመና ተመለሱ፦ ዳቦና ቅቤ፣ በየጠዋቱ። ፔሬትዝ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት ሙግት አልገጥምም። ግን እኔ ያንን ሰማያዊ ችሎት ከዚህ ወዲያ ያለዚህ ማንበብ አልቻልኩም። መቅደሱ ጠዋትና ማታ ይቀርብለት የነበረውን፣ ቦንቼ ዕድሜውን ሙሉ ከማንም እጅ አንድ ጠዋት አላገኘም። መላእክቱ ያፈሩት በምኞቱ ማነስ ብቻ ከሆነ ታሪኩ ቀልድ ይሆናል። ያፈሩት የለመነው ነገር በምድር ሳለ ሊከፈለው የተገባ ዕዳ ስለነበረ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የቀን ሠራተኛን ደመወዝ እስኪነጋ አታሳድር የሚለውም እኮ ያው ኦሪት ነው።

እንግዲህ ፔሬትዝ ሁለት ግማሽ ሰው ሰጠን፦ በየቀኑ የሚሸከም ራሱን ያጣ፣ ራሱን ያላጣ ግን በየቀኑ የማይመጣ። ሁለቱን ገጣጥሞ የሚጽፍ ደራሲ እስካሁን አላየሁም። ታልሙድ ግን አንድ ሰው ያሳየናል። ታላቁ አለቃ ረባን ገማልያል ረቢ ኢያሱን በአደባባይ አዋርደው በዚህ ምክንያት ከሹመታቸው ተነሥተው ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታቸው ሲገቡ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሮ አዩት። ከሰል አክሳይ፣ ሌሎች እንደሚሉት ቀጥቃጭ፣ መሆንዎን ከግድግዳዎ ዐወቅሁ አሏቸው። ረቢ ኢያሱም አልተሽኮረመሙም፤ የሊቃውንቱን ኑሮና ድካም የማያውቅ መሪ ያለው ትውልድ ወዮለት ብለው መለሱ። ጥላሸቱም አላሳፈራቸው፤ ዝምም አላሉ።

እኛ አገር ቢሆን ኖሮ እኚህ ሊቅ ምን ይባሉ ነበር? መልሱን ሁላችን እናውቃለን። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች የነበሩት ቤተ እስራኤል ማረሻችንን ሲቀጠቅጡ፣ ምጣዳችንንና ጀበናችንን ሲሠሩ ኖረው ያተረፉት «ቡዳ» መባልን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ባለ እጅን የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1984 እና 85፣ በኋላም በግንቦት 1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጀበናው እኛ ዘንድ ቀረ። እዚህም አገር ይዘነው የመጣነው ዕቃ ይህ ነው፤ ዳንፎርዝ ላይ ቡና ተፈልቶ «ምን ትሠራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስንቱ ወንድማችን «ትምህርት ላይ ነኝ» ብሎ ያልፋል! የእናቶቻችንን ገላ እንደሚያጥቡ እህቶች ያለ ክቡር ሥራ የለም እያልን እንሰብካለን፤ ልጃችን ያንን ሥራ ሲያዝ ግን ለአገር ቤት ዘመድ «ሆስፒታል ገብቷል» ብለን እንደውላለን።

መለከቱም ሲነፋ ሰምተነዋል። በ2020 የጸደይ ወራት ወረርሽኙ በኦንታርዮ የአረጋውያን መኖሪያዎች ገብቶ ሽማግሌዎቹን ሲፈጅ፣ ሠራተኛ ጠፍቶ በአንዳንዶቹ የካናዳ ጦር ሠራዊት እስኪገባ ድረስ፣ ማታ ማታ ሕዝቡ በረንዳ ላይ ወጥቶ ድስት እየደበደበ ያጨበጭብ ነበር። ጀግኖች ተባሉ። የወርቅ ወንበሩ ብቻ ነው የቀረው። በሰዓት 3 ዶላር ጭማሪ ለፒ.ኤስ.ደብሊው ሠራተኞች የመጣው በዚያው ዓመት በጥቅምት ሲሆን ስሙም «ጊዜያዊ» ነበር፤ ቋሚ የሆነው በ2022 ነው። ያም የሆነው የሚጠይቅ ስለነበረ ነው። ድስቱ ሲደበደብ አጎንብሶ ያመሰገነ ሁሉ ክፉ አደረገ አልልም፤ ለእኔም አንድ ማታ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለ ራሴ ሒሳብ ለምትጠይቁኝ፦ ጽፌ ጠየቅሁ። በሁለተኛው ወር ከፊሉን ከፈሉኝ፤ የቀረውን አላገኘሁትም። ለአዛውንቱ ቼኩን ባሳያቸው አንገታቸውን ነቀነቁና ዳቦው ሳይቀዘቅዝ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ሁለተኛውን ታሪክ ያነበብኩት ከሞቱ በኋላ ስለሆነ፣ ስለዚያች መበለት የጥር እሳት አልተከራከርንም። እሳቸው የቪልና ሰው ነበሩ፤ ከአልጋው ሥር የተደበቀው እንግዲህ የአገራቸው ልጅ ነው።